የሰካራሙ መምህር ደቀ መዝሙር፤ የኩንግ ፉ ኮሜዲ ፊልሞችና የጎንደር ተመልካች

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ስለ «ካራቴ ፊልም» ምን አገባው? ይህ ጥያቄ ከባልደረቦቼም ከተማሪዎቼም በተደጋጋሚ ቀርቦልኛል። አግባብ ያለው ጥያቄ ነው። የፊልሞቹ ቋንቋ ካንቶንኛ፣ የአብዛኞቹ መቼት ደቡብ ቻይና፣ የተሠሩበትም ቦታ ሆንግ ኮንግ ነው። ይሁንና ፊልም ያለ ተመልካች፣ መጽሐፍም ያለ አንባቢ ግማሽ ነገር ነው፤ ተመልካቹ ደግሞ የእኛው ሰው ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽና በ1990ዎቹ ዓ.ም. በጎንደር ከተማ፣ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ ያደገ ብዙ ወንድ ልጅ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዛብህ ከማወቁ በፊት ጃኪ ቻንን ያውቅ ነበር። ኪነ ጥበብ በተቀባዩ ዘንድ የሚያገኘውን ሕይወት እናጠናለን የምንል ከሆነ ይህን አይተን እንዳላየን ልናልፈው አንችልም።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው የሚከተለውን ነው። እነዚህ ፊልሞች በእኛ ዘንድ የተወደዱት በድብድባቸው ብቻ አይደለም። ከድብድቡ ሥር ያለው የመምህርና የደቀ መዝሙር ታሪክ እኛ ቀድመን የምናውቀው ታሪክ ነው። የሚያስቀው ጀግናም በፉከራችን ውስጥ ቦታ ያልነበረውን አንድ ነገር ይዞልን መጥቷል።

አስቀድሜ ስለ ዘውጉ ጥቂት ልበል። ካራቴ የጃፓን፣ ኩንግ ፉ የቻይና መሆኑን በእኛ ከተሞች የሚለይ አልነበረም፤ ሁሉም «ካራቴ» ነበር። ብሩስ ሊ በ1973 እ.ኤ.አ. በ32 ዓመቱ ሲሞት ትቶት የሄደው የጀግና መልክ ቁጡ፣ ቁጥብና የማይሳሳት ነው። የሆንግ ኮንግ አምራቾች ለጥቂት ዓመታት ሁለተኛ ብሩስ ሊ ሲፈልጉ ቆዩ፤ ወጣቱን ጃኪ ቻንንም በዚያ ልክ በተሰፋ ልብስ ሊያስገቡት ሞክረው ልብሱ አልሆነውም። መንገዱ የተገኘው በሳቅ በኩል ነው። ላው ካር-ለዩንግ በ1975 «መንፈሳዊው ቦክሰኛ» በተባለው ፊልሙ ኩንግ ፉንና ቀልድን አጣምሮ ሞክሮ ነበር። በ1978 ደግሞ ዩን ዎ-ፒንግ የተባለው አዘጋጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ፊልሞች አወጣ፤ «እባብ በንስር ጥላ» እና «ሰካራሙ መምህር»። በሁለቱም ተማሪው ጃኪ ቻን ነው፤ በሁለቱም መምህሩ የአዘጋጁ አባት ዩን ሲዩ-ቲየን ነው። ፀጉሩ ነጭ፣ ልብሱ ቡትቶ፣ ለማኝ የሚመስል ሽማግሌ። ሰውየው በጥር 1979 እ.ኤ.አ. አረፈ፤ መልኩ ግን እስከ ዳባት ድረስ መጥቷል።

የ«ሰካራሙ መምህር» ተማሪ ዎንግ ፌይ-ሁንግ በእውን የነበረ ሰው ነው። ከ1847 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. የኖረ፣ በደቡብ ቻይና የታወቀ ሐኪምና የኩንግ ፉ መምህር ነበር። ከ1949 ጀምሮ ክዋን ታክ-ሂንግ የተባለ ተዋናይ ከሰባ በሚበልጡ ፊልሞች ላይ ምራቁን የዋጠ፣ ቁጣው የዘገየ ጨዋ ሰው አድርጎ ተጫውቶታል። የ1978ቱ ፊልም ይህን የተከበረ ሰው ወስዶ ሰነፍ፣ አስቸጋሪና ተንኮለኛ ጎረምሳ አደረገው። የሆንግ ኮንግ ተመልካች የሳቀው አባቶቹ ሲያከብሩት የኖሩት ሰው ምግብ ቤት ገብቶ፣ እስኪጠግብ በልቶ፣ ሳይከፍል ሊወጣ ሲል በማየቱ ነው። ይህ የሳቅ ምንጭ ለእኛ ዝግ ነበር፤ ዎንግ ፌይ-ሁንግን አናውቀውምና። ታዲያ የእኛ ሳቅ ከየት መጣ?

ለዚህ መልስ ፊልሙ የታየበትን ቦታ ማስታወስ ይጠቅማል። ጎንደር ፒያሳ ላይ በጣልያን ወረራ ዘመን ሲኒማ ቤት ተሠርቶላታል፤ ጃኪ ቻን ወደ እኛ ዘመን ልጆች የገባው ግን በዚያ በር አይደለም። የገባው ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በየከተማው በተስፋፉት ቪዲዮ ቤቶች ነው። አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት ጠባብ ክፍል፣ በብርድ ልብስ የተጋረደ መስኮት፣ ደጃፍ ላይ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ። እኔ የማስታውሰው ዋጋ ሃምሳ ሣንቲም ነው። ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ የኖረ ስለ ነበር ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፤ በላዩ የተጫነው እንግሊዝኛም ከተናጋሪው ከንፈር ጋር አይገናኝም። መብራት ከጠፋ ክፍሉ በሙሉ «ገንዘባችን ይመለስ!» ብሎ ይጮኻል። አይመለስም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከተመልካቹ አብዛኛው የሚባለውን አንድም ቃል አለመስማቱ ነው። ታሪኩ የተላለፈው በአካል ነው። የእነዚህ ፊልሞች አዘጋጆች ድብድቡን በሩቅ እይታ፣ የተደባዳቢው ሙሉ አካል ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲታይ አድርገው ይቀርጹታል። አሜሪካዊው የፊልም ምሁር ዴቪድ ቦርድዌል በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ ሆንግ ኮንግ ሲኒማ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ የምቱ አካሄድ ቆም፣ ፍንዳታ፣ ቆም ነው። እንቅስቃሴው በአንድ ቅጽበት ይገነፍልና ደርቆ ይቀራል፤ ዓይንም ያየውን ለማንበብ ጊዜ ያገኛል። ሥርወ ነገሩ የፔኪንግ ኦፔራ ከበሮና ጸናጽል ነው። ሌላው ምንጭ ድምፅ አልባው ፊልም ነው። ጃኪ ቻን በ1983 እ.ኤ.አ. በሠራው «ፕሮጀክት ኤ» ከሰዓት ማማ ላይ ተንጠልጥሎ ሲወድቅ ሃሮልድ ሎይድ በ1923 ከሠራው የሰዓት ትዕይንት መቅዳቱ የታወቀ ነው። ቃል የማይፈልግ ቀልድ ድንበር አያግደውም። በኪንሻሳም በናይሮቢም የተወደደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ስለዚህ የእኛን ፍቅር በጎንደሬነት ብቻ ልተርክ አልነሣም። ዓለም ሁሉ አንድ ፊልም ሊያይ ይችላል። ከቪዲዮ ቤት ሲወጣ የሚተርከው ግን እያንዳንዱ በራሱ ቤት ቋንቋ ነው።

ይህን የምለው ከልምድ ተነሥቼ ነው። ያደግሁት ከዳባት ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቆ ባለ ቀበሌ ነው፤ ትምህርት ቤት የምንሄደው በእግር ነበር። ቅዳሜ ለገበያ ወርዶ ቪዲዮ ቤት የገባ ልጅ ሰኞ ማለዳ መንገድ ላይ ለሌሎቻችን ይተርካል። የትረካው ዋጋ ቆሎ ነው፤ ወይም ደብተሩን የሚሸከምለት ሰው ያገኛል። ጥሩ ተራኪ ዳገቱ ላይ ትንፋሹን ይቆጥብና ሜዳው ላይ ስንደርስ ድብድቡን ይጀምራል፤ ዱላውን ለአንዱ ያስይዝና ራሱ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ይዞራል። «ጧ! ድው! እጥፍ! እሱ ግን ዞር ሲል ቀድሞታል!» ቃለ ምልልሱን ስላልሰማ ከራሱ ይፈጥረዋል። ክፉው ሰው ሲናገር በፉከራ ዜማ ነው፤ አባቱን ይጠራል፣ የገደለውን ይቆጥራል። «አክተሩ» ደግሞ እንደ እኛ ነው የሚናገረው፤ ይፈራል፣ ይለማመጣል፣ ይዋሻል። ሰካራሙን ሽማግሌ ሁላችንም የምንጠራው በአንድ ስም ነበር፦ የኔታ።

ይህ ስም ለኔ ጥናት ዋናው መረጃ ነው። ማንም አላዘዘንም፤ ፊልሙም አላለም። ተራኪው የማያውቀውን ሰው በሚያውቀው ሰው ቦታ አስቀመጠው። እስቲ የሁለቱን የትምህርት ሥርዓት ጎን ለጎን እንያቸው። «በሰካራሙ መምህር» ውስጥ ተማሪው እግሩ ታስሮ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ ከታች ካለው ባልዲ በትንሽ ሲኒ ውኃ እየቀዳ፣ በሆዱ እየተነሣ ላይኛው ባልዲ ላይ ይሞላል። ለምን እንደሚያደርገው አይነገረውም። መምህሩ አጠገቡ ተቀምጦ ይጠጣል። ተማሪው ያማርራል፣ ያታልላል፣ በመጨረሻም ይኮበልላል። ከውጭ አንድ ነፍሰ ገዳይ አግኝቶት ደብድቦ፣ ሱሪውን አቃጥሎ ካዋረደው በኋላ ነው ራሱ ተመልሶ የሚመጣው። የእኛው የቆሎ ተማሪም ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንጠልጥሎ፣ በአንድ እጁ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ይለምናል፤ ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ ሳይገባው ያጠናል። የሚገባው ቆይቶ ነው። መኮብለልና መመለስም አለ፤ የአብነት ትምህርት ቤት ትውስታ ያለው ሰው ሁሉ የኮበለለ ባልንጀራ ያውቃል።

ተመሳሳይነቱ በልብ ወለዱ ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። ጃኪ ቻን በሰባት ዓመቱ ወላጆቹ ለአሥር ዓመት በውል የሰጡት ለፔኪንግ ኦፔራ መምህሩ ለዩ ጂም-ዩን ነበር። ሳሞ ሁንግና ዩን ቢያውም እዚያው አብረውት ያደጉ ናቸው። በዱላ ተማሩ፤ ተገልብጠው ቆሙ፤ ጥቂት በሉ። በ1988 እ.ኤ.አ. ይህን የትምህርት ቤት ሕይወት የሚተርክ «ባለ ቀለም ፊቶች» የተሰኘ ፊልም ሲሠራ መምህሩን ሆኖ የተጫወተው ራሱ ሳሞ ሁንግ ነው። የተገረፈው የገራፊውን ልብስ ለብሶ፣ ሳይበቀለውም ሳያሞግሰውም ማለት ነው። ስለ አብነት ትምህርት ብዙ ጽፈናል፤ እንዲህ ዓይነት ተውኔት ግን የለንም፤ ሊኖረን በተገባ ነበር።

አሁን ወደ ሥነ ግጥማዊው ነጥብ ልለፍ። የሰካራሙ ስልት ምንድን ነው? ተደባዳቢው ይንገዳገዳል፤ ዓይኑ ይከደናል፤ ሊወድቅ ነው ሲባል ክርኑ ከተጋጣሚው ደረት ላይ ያርፋል። ተማሪዎቼ ይህን ስጠይቃቸው ወዲያው «ሰምና ወርቅ» ይላሉ። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጥንቃቄ ይጎድለዋል። በሰምና ወርቅ ቅኔ ሰሙና ወርቁ ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተናቦ ይነገራሉ፤ ሰሚው ሁለቱንም ያያል። ውስጠ ወይራ ግን ሌላ ነው። ላዩ ብቻውን የተሟላ፣ ቀላል፣ ምንም ያልያዘ የሚመስል ንግግር ነው፤ ምሥጢሩ በሆዱ አለ፤ ያልጠረጠረ ሰው ሰምቶት ያልፋል። ስካሩም እንዲሁ ነው። ተጋጣሚው የሚያየው ሰካራም ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ትርጉም መኖሩን የሚያውቀው ከተመታ በኋላ ነው። ተመልካቹ ግን ከመነሻው ያውቃል፤ ሳቁም ከዚህ የዕውቀት ልዩነት ይፈልቃል። የአለቃ ገብረ ሀና ጨዋታዎችም አሠራራቸው ይኸው ነው፤ ባለቤቱ የተመሰገነ መስሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሳቁ ከኋላው ይቀራል። በነገራችን ላይ ሽማግሌዎች «ይህ ፊልም ስካር ያስተምራል» ብለው ይቆጡ ነበር። የዳባት አረቄ ግን ከሆንግ ኮንግ መምህር የሚፈልግ አይመስለኝም።

አለቃ ገብረ ሀናን ካነሣሁ አይቀር ሌላም ነገር ልጨምር። ፎገራ ተወልደው ጎንደር ያስተማሩት አለቃ በቀልዳቸው ብቻ አይደለም የሚታወቁት፤ በልጃቸው ስም የተክሌ አቋቋም የሚባለውን የዝማሜ ስልት የፈጠሩት እሳቸው ናቸው። እንደሚተረከው እንቅስቃሴውን የቀዱት ከጣና ሐይቅ ማዕበልና በዳርቻው ካለው፣ ነፋስ ከሚያወዛውዘው ተክል ነው። የኩንግ ፉ ስልቶችም በእባብ፣ በሽመላ፣ በዝንጀሮ፣ በንስር ስም ይጠራሉ። «እባብ በንስር ጥላ» ውስጥ ተማሪው የእባብ ስልት ብቻ እንደማይበቃው ሲገባው ድመት ከእባብ ጋር ስትታገል አይቶ የራሱን ስልት ይፈጥራል። ሁለቱን የሚያገናኘው ተፈጥሮን አይቶ ወደ ሰው አካል የመተርጎም ልማድ ነው፤ በጎንደር በአታ መቋሚያ ይዞ አቋቋም የተማረ ሰው «ሰውነት ይማራል» የሚለውን ሐሳብ ማንም ሊያስረዳው አይገባም። እርግጥ ነው፣ አንዱ ጸሎት፣ ሌላው ድብድብ ነው፤ ዓላማቸውን ማቀላቀል አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ የሚማርከኝ የ«ሰካራሙ መምህር» መጨረሻ ነው። የስልቱ መሠረት ስምንት ሰካራም መናፍስት ናቸው፤ ስምንተኛዋ ሴት ናት። ተማሪው ሰባቱን ያጠናና የሴቲቱን «ይህ የወንድ አይደለም» ብሎ ይንቃታል፤ ሳይማራት ይቀራል። በመጨረሻው ግጥሚያ ሰባቱ ሁሉ ሲያልቁበት መምህሩ ስምንተኛዋን እንዲጠቀም ይነግረዋል። አያውቃትም። እንግዲያው ከሰባቱ አዋሕደህ ከራስህ ፍጠር ይባላል፤ ፈጥሮም ያሸንፋል። ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ይህን ቦታ ያውቀዋል። መምህሩ ቅኔ ይነግራል፤ ተማሪው ያጠናል፤ ነገር ግን የተነገረውን መልሶ ቢያቀርብ ቅኔ አይባልለትም። ቆጥሮ፣ የራሱን አዲስ ይዞ መምጣት አለበት። የትምህርቱ ፍጻሜ ያልተማሩትን ማቅረብ ነው።

ቀጥሎ የማነሣው ጉዳይ ከቅኔ ቤት ወደ ሠርግ ቤት ይወስደናል። ያደግነው ፉከራና ሽለላ በምንሰማበት አገር ነው። በፉከራ ሥርዓት ጀግና ራሱን ያውጃል፤ አባቱን ይጠራል፤ ቆሰለ ቢባል እንኳ ቁስሉ ማዕረጉ ነው እንጂ ሕመሙ አይነገርም። ፉከራ ሰፊና ውብ ሥነ ቃል ነው፤ ላንቋሽሸው አይደለም። ነገር ግን ለአንድ የአሥር ዓመት ልጅ የሚሸከመው ነገር ከባድ ነው፤ መፍራት አይፈቀድለትም፣ ማልቀስ አይፈቀድለትም። ጃኪ ቻን ግን ሰው በቡጢ ከመታ በኋላ ዞር ብሎ እጁን ያራግፋል፤ አመመኝ ይላል። ይሮጣል። ወንበር ሥር ይደበቃል። የሚፎክረው ክፉው ሰው ነው፤ ፉካሬውም ውርደቱን የሚያስቅ ያደርገዋል። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የተሳሳቱት ቀረጻዎች ይታያሉ፤ ዘሎ የሳተው፣ ወድቆ የተጎዳው፣ በቃሬዛ የተወሰደው። እኛ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ይህን ክፍል ማንም ሳያየው አይወጣም ነበር። ጀግናው በገዛ ፊልሙ መጨረሻ ላይ «አልቻልኩም» ሲል አየነው፤ ደግሞም ሲደግመው አየነው።

ይህን ከዘመኑ ነጥለን ልናየው አንችልም። ፊልሞቹ ሲመጡ ሰሜን ጎንደር ከዓመታት ጦርነት ገና መውጣቷ ነበር። በየቤቱ የጠፋ ወንድም፣ አካሉ የጎደለ አጎት ነበር፤ ጠመንጃውም ግድግዳው ላይ ነበር። ትግል፣ ዱላና መውደቅ የሞላበት፣ ነገር ግን የወደቀው አብዛኛውን ጊዜ አቧራውን አራግፎ የሚነሣበት ታሪክ ለዚያ ትውልድ ልጆች ምን እንደ ነበር በሚዛን መለካት አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነት እንደገና እስከ ዳባት ገጠሮች ሲደርስ፣ የዚያ ዘመን ተመልካቾች የልጆች አባቶች ሆነው ነበር። ክፍሌ ውስጥ ከዚያ አካባቢ የመጡ ተማሪዎች አሉ። «አስቂኝ ጀግና» የሚል ርእስ ለውይይት ስሰጥ ሁልጊዜም ከሌላው ጊዜ የበለጠ ዝምታ ይሰማል፤ ከዚያ አንዱ ይናገርና ሁሉም ይናገራል።

ጉድለታቸውንም መናገር አለብኝ። ብዙዎቹ ትልማቸው ቀጭን ነው፤ ከአንዱ ድብድብ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ከመሆን አያልፍም። ሴቶች በአብዛኛው የቀልዱ መጫወቻ ናቸው፤ በ1985ቱ «ፖሊስ ስቶሪ» የጀግናው እጮኛ ብዙ ዕድል አላገኘችም። በእኛም ከተሞች ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ብትገባ ስሟ ይነሣ ነበር፤ ስለዚህ ስለ «ተመልካቹ» የተናገርሁት ሁሉ ስለ ወንዶች ልጆች ነው። እህቶቻችን ያወቁት በትረካ ነው፤ ማታ ምድጃ ዳር፣ ወንድም ሲዘል እናት «ድስቱን!» እያለች።

ያ ትረካ ነው እየጠፋ ያለው። ፊልሞቹ አልጠፉም፤ ዛሬ ማንም በስልኩ ያገኛቸዋል። ካሴቶቹ በሲዲ፣ ቪዲዮ ቤቶቹም በኳስ ማሳያ ቤቶች ከተተኩ ቆዩ፤ ተራኪዎቹ ግን ከኔ ዕድሜ ጋር አርባዎቹ ውስጥ ናቸው። ስለ ተረትና እንቆቅልሽ በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ይቀርብልናል፤ ስለ ፊልም ትረካ ግን ሊጽፍ የመጣ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም። የሚሰበሰበው ብዙ ነው፦ የምት ድምፆች፣ ለክፉው ሰው የተፈጠሩ ፉከራዎች፣ ለገጸ ባሕርያቱ የወጡ የአገር ስሞች፣ ተራኪው ያልገባውን የሞላበት ብልሃት። ባለፈው ክረምት ዳባት ላይ አንድ የልጅነት ባልንጀራዬን «ሰካራሙን» እንዲተርክልኝ ጠየቅሁት፤ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ቆሎዬን የበላ ምርጥ ተራኪ። መጀመሪያ አፈረ፤ ከዚያ ጀመረ። የኔታ አሉ፤ ባልዲው አለ፤ ሱሪው ተቃጠለ። ስምንተኛዋ ላይ ሲደርስ ግን ፊልሙ ውስጥ የሌለ ነገር ነገረኝ። በእሱ ትረካ ተማሪው የመጨረሻውን ስልት ያመጣው እናቱ እንስራ አዝላ ዳገት ስትወጣ እንዴት ወገቧን እንደምትሰብር፣ ስትንሸራተትም ውኃውን ሳታፈስ እንዴት እንደምትመለስ አስታውሶ ነው። «ይህን ፊልሙ ላይ አየኸው?» አልሁት። «ታዲያ ከየት አመጣሁት?» አለኝ፤ ተሳፋሪ መጣለትና ሄደ።